ስለ ነጩ ኪኒንና ስለ ስልሳ ሦስቱ ቅዠቶቼ

ይድረስ ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ቤተሰብዎ ደኅና፣ እንቅልፍዎ ጥልቅ፣ ሕልምዎም አጭርና ለሰው የሚነገር ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። በአራት የተለያዩ ቀናት ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝ፣ ለእግሬ አዝኜ አምስተኛውን ጉዞ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ተክቼዋለሁ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ ስቀበልና ስመራ የኖርኩ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰው ነኝ። ደብዳቤ የት ሄዶ ውሃ ሽታ እንደሚሆን ከማንም በላይ ስለማውቅ፣ ይህኛውን በጋዜጣ በኩል ልኬዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሐኪምዎ አንዲት ነጭ ክብ ኪኒን አዘዙልኝ፤ የፋርማሲዎ ባለሙያም የሠላሳ ቀኑን ቆጥራ በትንሽ የወረቀት ከረጢት ሰጠችኝ። ከረጢቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ታትመዋል፤ ባለሙያዋ ቀና ሳትል ጨረቃዋ ላይ፣ ማታ ይዋጥ ለማለት፣ ምልክት አደረገች። ግፊቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልክ ገባ፤ ለዚህ ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰግናለሁ። ሽሙጡ የሚጀምረው ከዚያም ቀደም ብሎ በሦስተኛው ሌሊት ነው።

በዚያ ሌሊት፣ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው የቀድሞ አለቃዬ መጥተው አንድ ፋይል ጠየቁኝ። ፋይሉን ስላጣሁት እኔኑ ሁለት ቦታ አጥፈው፣ በወረቀት መብሻ በስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱኝ። በማግስቱ አማቴ የብረት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠው በመሥሪያ ቤታችን ደረጃ እየተንሸራተቱ ወረዱብኝ። በእውን ጉልበታቸውን የሚያማቸው ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሊጠይቁን ሲመጡ ከደረጃ ሥር ቆሜ መቀበል ትቻለሁ። የሥዕሉ ጥራት፣ የድምፁ ንጽሕና፣ የቀለሙ ድምቀት በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ትርዒት በየሌሊቱ ያለ መግቢያ ትኬት ስላቀረቡልኝ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው።

ለመቋቋም ያላደረግሁት የለም። በጎኔ ተኛሁ፣ በሆዴ ተኛሁ፣ መብራት አብርቼ ተኛሁ። በመጨረሻ ሙያዬ ያስተማረኝን ያዝኩና መዝገብ ከፈትኩ፤ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ የተወሰደ እርምጃ ብዬ አሰመርኩ። በእርምጃው ዓምድ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው ባለቤት ቀስቅሳ አቋርጣዋለች የሚል ነው። መጻፉ ጠቅሞኛል፤ የተመዘገበ ነገር እንዳልተመዘገበው አያስፈራም። እስከ ዛሬ ስልሳ ሦስት ደርሰዋል። አሁን በቅደም ተከተል ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ግፊት የምትለካዋ ነርስዎ ስለ ቅዠቴ ብነግራት፣ እራት ምን እንደምበላ በትሕትና ጠየቀችኝና ከበድ ያለ ነገር እንድተው መከረችኝ። እኔም ከነጭራሹ እራት ተውኩ። በዚያው ሌሊት በባዶ ሆዴ ያየሁት ቅዠት ውስጥ ትልቅ እራት ተሰናድቶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋሁት ግን እኔ ነበርኩ። ለምክሯ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ሐኪምዎ ያስባሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንደማስብ አመንኩ። እንዳላስብ አዘዙኝ። ትእዛዙን ለመፈጸም ቅን ልቦና አላነሰኝም፤ ዳሩ ግን በመሥሪያ ቤታችን ሳያስቡ የሚሠራበት ቦታ ላይኛው ፎቅ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ የተመደብኩት ምድር ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ የፋርማሲዎ ባለሙያ የምትሞላውን ቅጽ በመስኮቱ በኩል አዙራ አሳየችኝ። ቅጹ ላይ ማሳከክ አለ፣ ማስታወክ አለ፣ ቅዠት የሚባል ግን የለም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ቅዠት አያመጣም ማለት ነው ብላ አስረዳችኝ። በዚህ ልከራከራት አልችልም፤ እኔም ባለጉዳይን ለሃያ ዘጠኝ ዓመት የመለስኩት በዚሁ ዘዴ ነው። የዘራሁትን አጨድኩ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አራተኛው ባለቤቴን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ረዘም ይላል። እኔና እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ አልጋ ኖረናል፤ የተኳረፍንባቸው ሌሊቶች እንኳ ጀርባ ለጀርባ ሆነን እንጂ ክፍል ለይተን አናውቅም። በተራ ቁጥር ሃያ ሁለት በተመዘገበው ቅዠት ግን የቀድሞ አለቃዬን በክርኔ ስመታ፣ የተመታው የባለቤቴ አፍንጫ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት አፍንጫዋ አብጦ ስታየኝ ሳቀች፤ ማታ ግን ትራሷን ታቅፋ ሳሎን ሄደች። ለሰው ስትናገር ባሌን ለአለቃው ለቅቄለታለሁ እያለች ታስቃለች። ወገቧን ያማታል፣ ሶፋው ደግሞ ከቁመቷ አንድ ክንድ ያጥራል፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ይዛ ስትነሳ አያታለሁ። ከአልጋዬ እስከ ሶፋው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በአሥራ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ያለች ሚስት መናፈቅ ለእኔ ዕድሜ የሚያሳፍር ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ናፈቀችኝ።

ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ኪኒኑን አቆምኩ። በአራተኛው ቀን ቅዠቱ ጠፋ፤ በስድስተኛው ቀን ባለቤቴ ለአፍንጫዋ ዋስትና ተቀብላ ተመለሰች። እንደ ሕፃን ተኛን። የመዝገብ ሰው ወረቀትም ሆነ ኪኒን መጣል አይሆንለትምና፣ ያልዋጥኳቸውን አንድ በአንድ ጠቅልዬ፣ ቀን ጽፌባቸው ኮቴ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከምድር ቤት ፋይል ታቅፌ ደረጃ ስወጣ ዓለም ዞረብኝ። ስነቃ የመሥሪያ ቤታችን ተላላኪ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ አስቸኳይ የሚል ማኅተም ባለበት ፋይል እያራገበችልኝ ነበር። ጤና ጣቢያዎ ስወሰድ ነርስዎ ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካች፤ በዚያን ቀን ስለ እራቴ አልጠየቀችኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ኮቴን ለማጠብ ኪሱን የፈተሸችው ባለቤቴ ናት። አሥራ አራቱን ኪኒኖች ከነቀናቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎንህ ተኝቼ ከምቀብርህ ሶፋ ላይ ተኝቼ ስትጮህ ብሰማህ ይሻለኛል አለችኝ፤ ትራሷንም ይዛ ተመልሳ ወጣች። ክቡር ኃላፊ፣ በአንድ ቤት ውስጥ በዚህች ሴትና በኪኒኑ መካከል እንድመርጥ መደረጌን በምን ቋንቋ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

አምስተኛውን አቤቱታ ባለቤቴ አንብባ ሰርዛዋለች።

ስድስተኛ፣ ስለ ወረፋ ቁጥሩ። ከወደቅሁ በሦስተኛው ቀን ለምርመራ መጥቼ፣ ሁላችንም ጋሼ ከምንላቸው የበር ጥበቃዎ እጅ አርባ ሰባት ቁጥርን ተቀበልኩ። ቁጥሩ እንደ ወትሮው በጥንቃቄ በመቀስ በተቆረጠች ቁራጭ ወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ወረቀቷን ገለበጥኳት። ወረቀት በጀርባው ምን እንዳለው ሳላይ ይህን ያህል ወር መመላለሴ ለሙያዬ ውርደት ነው፤ እሱን ለራሴ እወስዳለሁ። በጀርባዋ በደቃቅ ፊደል የእኔ ኪኒን ስም ተጽፏል፤ ከሥሩም፣ በተለይ ማታ ሲወሰድ ግልጽና አስፈሪ ሕልሞችን ሊያስከትል ይችላል፣ በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፣ ይህ ካጋጠመዎት ይልና መቀሱ እዚያ ላይ ቆርጦታል።

ይህ ካጋጠመዎት ምን? የቀረው ቁጥር አርባ ስምንት ላይ መሆን እንዳለበት ገባኝ። አርባ ስምንትን የያዘችው ከጎኔ የተቀመጠች፣ ለእናቷ መድኃኒት ልትወስድ የመጣች ሴት ናት። ቁጥር እንድንለዋወጥ ለመንኳት። ፊት ያለውን ቁጥር ለኋለኛው በነፃ የሚሰጥ ሰው በጤና ጣቢያዎ ታሪክ ታይቶ ስለማያውቅ ሴትየዋ ወረቀቷን ጡቷ ሥር ደበቀች፤ ሃምሳ ሁለት ቁጥር ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ሰምቷል አሉ፤ አርባ አራት ደግሞ ዛሬ ከኋላ ነው የሚጀምሩት ብለው ወሬ አስነሱ። ነገሩን እስካስረዳ ድረስ ወረፋው ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ተሠራ። በመጨረሻ ሴትየዋ አወጣችና ሁለቱን ቁራጮች ጉልበቷ ላይ አገጣጠምናቸው። የቀረው፣ ሐኪምዎ የሚወስዱበትን ሰዓት ወይም መድኃኒቱን ሊቀይርልዎ ይችላል የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ አግዳሚው ሙሉ ቁጥሩን እየገለበጠ ማንበብ ያዘ። ደረቅ ሳል ሳይለቃቸው አምስት ወር የከረሙት አናጢ የሳላቸውን ምክንያት በሃምሳ ዘጠኝ ቁጥር ጀርባ አገኙት። ጋሼም ቁጥራችሁን አታገላብጡ፣ ይጠፋባችኋል እያሉ ይዞሩ ነበር። ኪኒን ከየካርቶኑ እየተቆጠረ በከረጢት ሲታደል ካርቶኑ ውስጥ የሚተርፈው የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት እንዳይባክን ለወረፋ ቁጥር ለእሳቸው እንደሚሰጥ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ስለ ቁጠባው አመሰግናለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ መድኃኒቴ በጽሑፍ መረጃ የሰጠኝ ብቸኛ ሠራተኛዎ ጋሼ በመሆናቸው፣ ለፋርማሲው ክፍል ኃላፊነት እንዲታጩ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አርባ ስምንት ቁጥር ግን አልሳቀችም። እናቷ የሚወስዱት የእኔኑ ኪኒን ነው፤ ከረጢታቸውም ላይ ጨረቃዋ ናት ምልክት ያለባት። ከሁለት ወር ወዲህ ሟች ባላቸው በየሌሊቱ ሻንጣ ይዘው በር ላይ ቆመው ቶሎ በይ ይሏቸዋል። እናትየውም ቀኔ ደርሷል ብለው የቤቱ ወረቀት የት እንዳለ ለልጃቸው አሳይተዋል፣ ልብሳቸውን ለጎረቤት አከፋፍለዋል፣ ምግብም ቀንሰዋል። ልጅቱ ሁለቱን ቁራጮች ሁለት ጊዜ አነበበችና አለቀሰች። ያን ጊዜ እኔም የምቀልድበት ነገር አጣሁ።

በዕለቱ የገባሁባት ወጣት ሐኪም ሁለቱን ቁራጮች አንብባ፣ ከረጢቴ ላይ ያለችውን ጨረቃ ሰርዛ ፀሐይዋ ላይ ምልክት አደረገች፤ በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ ሌላ መድኃኒት እንዳለም ነገረችኝ። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አለቃዬ አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ግን ወንበር ስበው ተቀምጠው ዝም ይላሉ። ባለቤቴም መሐል ላይ አንድ ትራስ በድንበርነት አኑራ ተመልሳለች፤ ድንበሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ግርጌ እየሸሸ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀቱ ለሁላችንም አይዳረስ ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዷን፣ መቀስ ያልነካትን፣ ፋርማሲው መስኮት አጠገብ ያስለጥፉልን። ይህን የሚያነብ ባለ ኪኒን ሁሉ ደግሞ እንደ እኔ በራሱ እንዳያቆም አደራ እላለሁ፤ የምድር ቤቱ ደረጃ ሁሉን ሰው አያነሳም።

በሥራዎ ትጋትን፣ በስብሰባዎ ፍጻሜን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከመጠነኛ እንቅልፍ ጋር የምሰናበትዎ፣

ካርዱ ስለጠፋ በካርድ ቁጥሩ ሊገለጽ ያልቻለው፣
ባለ አርባ ሰባት ቁጥር

ግልባጭ፦
ለጋሼ፣ በር ላይ
ለባለቤቴ፣ መኝታ ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአርባ ስምንት ቁጥር እናት ኪኒናቸውን ወደ ጠዋት ካዛወሩ ወዲህ ባላቸው መምጣት ትተዋል፤ እሳቸውም ጉዞውን ሰርዘው ልብሳቸውን ከየጎረቤቱ እየሰበሰቡ ነው። ሁሉም መልሰዋል፤ ካፖርቱን የወሰዱት ጎረቤት ብቻ የሟች ልብስ አይመለስም ብለው እምቢ አሉ። ብርዱ ሳይገባ፣ ሴትየዋ በሕይወት መኖራቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ጤና ጣቢያዎ ይጻፍላቸው፤ ከተቻለም በሙሉ ወረቀት ላይ።