አንድ የግራኝ ቦታ

ለማከብርህ አበልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? የቬራክሩዝ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ምግቡስ ተስማማህ? ትከሻህስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የሰሞኑ ዝናብ የጓዳውን ቆርቆሮ ገልቦብን ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ቸነከርነው። ባለቤቴ ሰላም ትልሃለች። ለመምጫህ ብላ ፍየል እያደለበች ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ገና አልነገርኳትም። የክርስትና ልጅህ ኤስተርሊንም ደህና ነው። አንተ እንዳሳየኸው እየወረወረ ክረምቱን ሙሉ ከቤዝቦል ቡድናችን ጋር በሙከራ ከረመ። ሃያ ሦስት ዓመት ሞላው። እዚህ ሳን ፔድሮ በሃያ ሦስት ዓመቱ ያልፈረመ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለህ፤ ሞተር ላይ ወጥቶ ሰው ማመላለስ ነው።

በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼህ ዘጋሁ። ድምፅህን ስሰማ መዋሸት ይቀናኛል። ስለዚህ ነገ ወደዚያ በሚበር ሰው እጅ ይህን ልኬልሃለሁ። ጨርሰህ ሳታነበው እንዳትቀደው፤ ከጨረስክ በኋላ እንደፈለግህ።

ነገሩ የጀመረው ፌርሚን ፀጉር ቤት ነው። የዚህ ከተማ ነገር ሌላ የት ይጀመራል? ቡድናችን ለዘንድሮ አምስት ሰው አስፈርሞ፣ የቀረው አንድ የግራኝ ኳስ ወርዋሪ ቦታ ብቻ እንደሆነ ሬዲዮው ሲናገር ሰው ሁሉ ሥራ ፈታ። የሚነሳው ሁለት ስም ነበር፤ እዚያ ቬራክሩዝ ውልህን ጨርሰህ ነፃ የሆንከው አንተ፣ ሌላው ደግሞ አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ቬኔዝዌላዊ። አሥር ቀን ሙሉ በዚህ ተጨቃጨቅን። ወንድማማቾች ተኳርፈዋል። ዳቦ ጋጋሪው ያንተን ስም ለሚያነሳ ደንበኛ ትኩስ ዳቦ፣ የዚያኛውን ለሚያነሳ የትናንቱን ይሰጥ ነበር።

የፌርሚንን ሕግ አልረሳኸውም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እስካለ ድረስ፣ ማንም አያቋርጠውም። ሞተረኛው ኤሊሂዮ መላጣ ሆኖ ሳለ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚላጨው ለዚህ ነው። ነገሩ በሆነበት ሰኞም መጀመሪያ የተቀመጠው እሱ ነበር፤ ቬኔዝዌላዊው ካልፈረመ ዓመቱ አለቀልን ባይ ነው። ቡድኑ የጡረታ ቢሮ ሆኗል አለ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ዋንጫ የበላ አገር ካለ አሳዩኝ አለ። ፌርሚን ላንተ ያደላ ስለነበር የሌለ ፀጉሩን ቶሎ ላጭቶ ጨርቁን ገፈፈው።

ከዚያ ስታዲየሙ በር ላይ የተጠበሰ ዓሣ የምትሸጠው ዶኛ ኤውላሊያ ሰው ገፍታ ወንበሩ ላይ ወጣች። ፌርሚን ምን ያድርግ? ጨርቁን አለበሳትና ፀጉሯን ሳይነካ በመቀሱ አየር ሲቆርጥ ቆየ። ኤሊሂዮን በነገር አበጠረችው። ያኔ በመጨረሻው ጨዋታ ሦስት ሰው አከታትለህ አውጥተህ ስታድነን፣ እሱ የዓሣ ሣጥኗ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ሲነፋረቅ ማየቷን አስታወሰችው። ያ ልጅ በወጣትነቱ ሸጦን አልሄደም፣ አሁን በእርጅናው የምንሸጠው ምን ዓይነት ሰዎች ነን አለች። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ የፌርሚንን ማራገቢያ ገፍቶ ጣለ፣ ኤሊሂዮም የአንዱን አንገትጌ ያዘ። በጉልበት ገላገልናቸው።

በዚህ መሃል ፌርሚን ጨርቁን አራግፎ ወደ እኔ ዞረ። አበልጁ አይደለህም እንዴ፣ አንተ ተናገርና ይብቃ አለኝ።

አበልጄ፣ እዚህ ላይ ነው እጄ የሚከብደኝ። አበልጅ ሲያመሰግን ጆሮ የሚሰጥ የለም፤ ያው ለወገኑ ነው ይባላል። አበልጅ ሲነቅፍ ግን ማን ይጠራጠራል? ይህን ሳላውቅ አልተቀመጥኩም። በመስተዋቱ ውስጥ ከኋላ አግዳሚው ላይ ጋዜጣ የዘረጋ ሰው ይታየኝ ነበር። ዶን አንሴልሞ ነው፣ ለቡድኑ ተጫዋች የሚመለምለው። ፌርሚን ቤት ሲመጣ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ ስጽፍልህ አላየሁትም ብዬ ነበር፤ ያንን ወረቀት ቀደድኩት። አይቼዋለሁ። ከመቀመጤም በፊት አይቼዋለሁ።

የመጋቢቱን ታስታውሳለህ። ለትከሻህ ዋና ከተማው ድረስ ሐኪም ጋ የወሰድኩህ እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ ይህ ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ አልከኝ፣ እኔም ኤስተርሊን ይሙት ብዬ ማልኩልህ። ሌላ የምምልበት አጥቼ አይደለም፤ አምነህ እንድትተኛ ብዬ ነው።

ያን ሰኞ ወንበሩ ላይ ሆኜ እንዲህ አልኩ፦

«መጋቢት ላይ የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። ግራ እጁን ፀጉሩን ለማበጠር እንኳ ማንሳት አልቻለም።»

ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሐምሌ ላይ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ግን እዚያው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሕመሙ ለቀቀኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያለ መርፌ ወረወርኩ፣ ለአንተና ለእግዜር ብቻ ነው የምነግረው ያልክበት። ስለ መጋቢት ተናግሬ ስለ ሐምሌ ዝም አልኩ።

ኤሊሂዮ እንኳ አልሳቀም። ዶን አንሴልሞ ጋዜጣውን አጥፎ ሳይላጭ ወጣ። ዶኛ ኤውላሊያ ጨርቁ አንገቴ ላይ እያለ ሕጉን ጥሳ ተናገረች፤ የከለከላትም የለም።

«አበልጅ እንዲህ ካደረገ፣ ለጠላት ምን ሥራ ተረፈው?» አለችኝ።

ሐሙስ ከቡድኑ ደውለው አናስፈርምህም ያሉህ ለዚህ ነው። ማታውኑ ደውለህ፣ ስለ ትከሻዬ ማን እንደነገራቸው እንጃ ስትለኝ፣ እኔም እንጃ አልኩህ። ሕይወቴን በሙሉ ያን ያህል አጭር ውሸት ዋሽቼ አላውቅም፤ ያን ያህል የከበደኝም የለም።

ለትከሻው አስቤ ነው ለማለት ሞክሬያለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ቢወረውር እጁ ለዘለዓለም ይቀራል፣ ሴት ልጁን የሚያቅፍበት እጅ አይተርፈውም፣ እኔ ወንድም ስለሆንኩ ነው ጨክኜ የተናገርኩት፤ እንዲህ እያልኩ ለባለቤቴ የምነግራትን ብቻዬን ተለማመድኩ። ለራሴም ጆሮ አልጣመም። ለትከሻህ የማስብ ብሆን ላንተ እነግርህ ነበር እንጂ ጋዜጣ ለዘረጋው ዶን አንሴልሞ አላሰማም ነበር።

ዓርብ ዕለት ቬኔዝዌላዊው ለዋና ከተማው ቡድን መፈረሙን ሬዲዮው ተናገረ። ኤሊሂዮ ሞተሩን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔን አልደነቀኝም። ቬኔዝዌላዊው ለእነሱ ቃል መስጠቱን ኤስተርሊን ልምምድ ቦታ ሰምቶ እሑዱን ነግሮኝ ነበር፤ ፌርሚን ወንበር ላይ ከመውጣቴ አንድ ቀን በፊት።

ቅዳሜ ኤስተርሊንን አስፈረሙት። በግራኙ ቦታ።

ሰፈሩ እስኪነጋ ጨፈረ። እናቱ አለቀሰች። ዳቦ ጋጋሪው ለሁሉም ትኩስ ዳቦ አደለ። ዶኛ ኤውላሊያ ለልጁ ዓሣ ሰጥታ ግንባሩን ሳመችው፤ እኔን ግን በቆምኩበት አልፋኝ ሄደች። ልጁ ምንም አያውቅም። ፌርሚን ቤት የተባለውን እሱና እናቱ ፊት የሚያነሳ የለም፣ ሰዉ ለእሱ ሲል ዝም ብሏል። በደስታው መሃል ጥግ ወስዶኝ ምን እንዳለኝ ልንገርህ፦ «ደስታዬ ሙሉ አይደለም አባባ። የክርስትና አባቴ ቢኖር አጠገቡ ቆሜ እማር ነበር።» እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ነው የነገረኝ፤ ግራ እጁን። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ዓይን አውጣ አይደለሁም። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

የፊታችን ሰኞ የኤስተርሊን የመጀመሪያ ልምምድ ነው። ምርቃትህን ሳይቀበል ኳስ አልይዝም ብሎ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊደውልልህ ወስኗል። ላስቀረው ሞክሬ አልቻልኩም። የምትለውን አንተ ታውቃለህ፤ ልትነግረውም ትችላለህ፣ አልከለክልህም። ግን የማልኩት በእሱ ነውና፣ መጀመሪያ መሐላውን ከራሱ ላይ አንሳለት። ከዚያ በኋላ በእኔ ላይ ያሻህን በል።

እግዚአብሔር በሰው አገር ክፉ አያሳይህ። እጅህን ይጠብቅልህ። ሴት ልጅህን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ቀና ሰው ያጋጥምህ።

የክርስትና ልጅህ አባት