ቢጫው ነጥብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የፋርማሲስቱን መኪና ከጋራዣችን አስረከብን። ተርቦ የሚባለው አየር መጭመቂያ ሞተሯ ላይ ተገጥሞላት ጉልበቷ ጨምሯል። ኮምፒውተሯን እኔ አስተካከልኩ፣ ቡሎኖቹን አባባ አጠበቀ። እንደ ልማዱ የጠበቀው ላይ ሁሉ በብሩሽ ቢጫ ነጥብ አደረገ። "ቢጫ ካየህ ዐይንህን ጨፍነህ ንዳ!" አለው። ፋርማሲስቱ ሳቀ። "ዐይኔንስ ልግለጥ እንጂ..."

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ወደ ተርቦው የሚሄደው የዘይት ቱቦ ተላቆ፣ ዘይቱ የጋለ ብረት ላይ ፈሶ ተቀጣጥሏል። ሚስትየው ልጃቸውን ከኋላ ወንበር ጎትታ ነው ያወጣቻት። ደግነቱ ሁሉም ደህና ናቸው።
አባባ ዐይኑን በጨው አጥቦ ፋርማሲስቱን "እንደ እብድ ነድተሃት ነው" አለው! ሰውየው አልጮኸም። "ልጄ መኪና አልገባም ብላለች" ብቻ ብሎ ሄደ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ብቻዬን ሞተሩን ከፈትኩ። ያልተቃጠለው በኩል ቢጫዎቹ አሉ። አንዱን ነካሁት... ዞረ። በጣቴ! ቀጥሎ ያለውም። ቁጭ አልኩ። ሳያጠብቅ ነው የቀባው? አባባ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ቁርስ ላይ የማር ብልቃጡን ለእማዬ አቀበላት። "አንቺ ክፈቺው።" ድሮ እኛ ያቃተንን የሚከፍተው እሱ ነበር። ሻዩንም በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ከመቼ ጀምሮ? እንዴት አላየሁም?
"አባባ፣ እጅህን ምን ሆነህ ነው?"
"ሥራሽን ሥሪ።"
"ሰሞኑን ያጠበቅካቸውን መኪኖች እንጥራ።"
"በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው?"
እማዬ ወደ ጓዳ ሳበችኝ። "አባትሽ ነው። ሆድ ይፍጀው በይ።" ሆድ ይፍጀው... ነገ የሌላ ሰው ልጅ ብትቃጠልስ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ለፋርማሲስቱ ደወልኩ። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ቡሎኑ አልጠበቀም ነበር አልኩት። 
"አባትሽ ናቸው ያሉት?"
"አይ... እኔ ነኝ።"
"እንግዲያው ከእሳቸው አፍ ልስማው።"
አባባ በሩ ጋ ቆሞ ሲሰማ ነበር። አኮረፈኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
እንደ ተኳረፍን ነው። አሳዘነኝ፣ ደግሞ አናደደኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
ጋራዥ ስደርስ ቀድሞኛል። ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ብረት አስሮ፣ ቡሎን እያጠበቀ። ፊቱ በላብ ርሷል። መፍቻውን አስቀመጠና "ነይ፣ በጣትሽ አዙሪው" አለኝ።
እንዳይዞር ለመንኩ። ዞረ። እንቢ አለኝ ብዬ ልዋሽለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
"ዞረ?"
"ዞረ፣ አባባ።"
እጁን በጨርቅ ጠረገ። ብዙ ጊዜ ጠረገው። ከዚያ ስልኩን አንስቶ መጀመሪያ ፋርማሲስቱ ጋ ደወለ። "አባትየው ነኝ። ቡሎኑን አላጠበቅኩትም። እጄ ከከዳኝ ቆይቷል፣ አፍሬ ደበቅኩ። ልጅህን ይቅርታ በልልኝ።" ምን እንደመለሰለት አልሰማሁም። አባባ ግን አንገቱን ደፍቶ ረጅም ሰዓት አዳመጠ።
ቀጥሎ ሌላ ደንበኛ፣ ቀጥሎ ሌላ... እስከ ምሳ ድረስ ያንኑ ሲል አረፈደ።
"ቢጫውን አትመን። ቀስ ብለህ ነድተህ አምጣት፣ ልጄ ታጠብቅልሃለች።"