ውሃው ጠርቷል

ለእታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬ ጉልበቷ ለቀቅ አላት ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው? ያ ዝምተኛው ባልሽ፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ እጄ በጨው ከመሰነጣጠቁ በቀር ቆሜ እሄዳለሁ።

"አፍህን ዘግተህ ሥራህን ብትሠራ ምናለበት?" ብለሽ ጽፈሽልኛል። ስሚኝ እንግዲህ። ቆዳው እዚህ ፋብሪካ የሚመጣው እንዳይበላሽ በጨው ታሽቶ ነው። ጨዉን አጥቤ የማራግፈው እኔ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቧንቧውን ከፍቼ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ የምለቀውም እኔው። ከዚያ ወንዙ ምን እንደሚመስል መዝገብ ላይ እጽፋለሁ።

የመጣሁ ሰሞን ድንጋይ ስገለብጥ ሥሩ ገበያ ነበር። ባለ ሦስት ጭራዋ ትል፣ ቀንድ አውጣው፣ የአሸዋ ቤቷን ተሸክማ የምትዞረው ትል። በወንፊት እያወጣሁ ነጭ ሳህን ላይ ስቆጥራቸው ሠራተኛው "የትል ሐኪም" አለኝ። ይበለኛ! እኔ ማንም ሳያስተምረኝ የደረስኩበትን እነሱ ቢሮ ተቀምጠው አያውቁትም። ጨው ሲበዛ እኮ ትሏ ወዲያው አትሞትም፤ ጉልበቷ ሁሉ ጨዉን ከሰውነቷ ስታስወጣ ያልቅና ማደግ ያቅታታል። ዘንድሮ ባለ ሦስት ጭራዋ የለችም። የሚበላው ትል ስለጠፋ የረገፈው ቅጠል እንዳለ ተከምሯል። ጨዉ ጭቃውን ወደ ታች ያስቀምጠዋልና ውሃው መስታወት ሆኗል፤ ለእኔ ግን ታጥቦ የተገነዘ ሬሳ ነው የሚመስለኝ።

ተናድጄ መዝገቡ ላይ "ውሃው ጠርቷል" ብዬ ጻፍኩ። ስድብ መሆኑ ነው! ሥራ አስኪያጁ ግን ሙገሳ መስሎት አስጠርቶኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሐሙስ የወንዙን ውሃ የሚመረምር ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ገጹን አሳይቶ እኔን ምስክር አድርጎ ሊያቆመኝ ነው። እንደሱ ማለቴ አይደለም ስለው፣ የምትተኛባት ክፍልም የመኖሪያ ፈቃድህም በፋብሪካው ስም ነው አለኝ፣ እየሳቀ።

ዛሬ አንድ ቃል ጨመርኩበት፦ "ውሃው ከነፍሳት ጠርቷል።" ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ አንብቢው፦ ትሎቹም፣ የሕያዋን ነፍስም። አለቃዬ ፎርማኑ አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጎበዝ! ተባይ የሌለበት ውሃ! ይሄማ ይበልጣል" ብሎ ማኅተም መታበት። በገዛ እጄ በሩን ሁለቴ ቆለፍኩት።

ጥዬ እንዳልሄድ ፈቃዱ አለ። ቧንቧውን አልከፍትም ብል ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ሐሙስ ምን እንደምናገር፣ እታለሜ ሙች፣ አላውቅም። አንቺ ግን ይህን ወረቀት እንዳትጥይው፤ ትክክለኛው መዝገብ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ እሱስ አፉን የዘጋ ደህና ኖረ። ትልቁን ልጅ እቀፊልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝና፣ ድንጋይ ከገለበጠች እንደነበረ ትመልሰው፣ ሰው አለበት በያት። እማዬ እንዴት ነው ካለችሽ፣ "ያለበት አገር ውሃው የጠራ ነው" በያት። አልዋሸሻትም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቆዳ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍል
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን