ለእንግዶችዎ እግር ሲባል ስለታፈነው ኮምፒውተር

ለክቡር አቶ ደምለው
የወቅት ሠራተኞች መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? የቆላው ሙቀት እንዳልደፈረዎት፣ የክፍልዎ ቬንትሌተር ዛሬም ወደ እርስዎ ብቻ እንደዞረ፣ መስኮትዎም ነፋስ እንዳይመታዎት ተዘግቶ እንደሚውል በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ለጤናዎ የጸለየ ሰው ካለ ጸሎቱ ተሰምቶለታል፤ በዚህ ዓመት በመተማ ቆላ ሁሉም ሰው እንዲህ አልቀናውም።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች «ታይቷል» ከሚል ፊርማዎ በቀር መልስ ስላላገኙ ነው። ደግሞም ሰርክአዲስ የተባለች ሴት የታመመ ባሏን ፍለጋ መጥታ በበርዎ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ቀን የተቀመጠችበትን ምክንያት የከተማው ሰው ከወሬ ሳይሆን በቦታው ከነበርሁት ከእኔ እንዲሰማው ስለፈለግሁ ነው። ምስጋናዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዘመናዊነትዎ አመሰግናለሁ። ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሰው ወደ እርሻዎቹ ከመበተኑ በፊት ስሙን፣ ቀበሌውንና የሚሄድበትን እርሻ አስመዝግቦ ያልፋል። ቀድሞ ይህን በትልልቅ መዝገብ ላይ በእጅ እንጽፈው ነበር። አምና «ወረቀትና ዘመናዊ ቢሮ አብረው አይኖሩም» ብለው የእጅ ምዝገባውን አስቀሩ፤ የቆዩትን መዝገቦችም መጋዘን አስገብተው ምስጥ አበሉ። ከዚያ ወዲህ የብዙ ሺህ ሰው መገኛ የሚታወቀው እኔ በምጽፍበት በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕውቀትዎ። ይህ ኮምፒውተር በመስከረም ሙቀት በየሩብ ሰዓቱ ራሱን ሲያጠፋ፣ ሳይከፍቱትና ሳይነኩት በሽታው ቫይረስ መሆኑን ደረሱበት፤ ሦስት ጊዜም ጸረ ቫይረስ አስጫኑበት። እኔ እንደ እርስዎ ስላልተማርኩ የጎኑን ክዳን ፈትቼ ማየት ግድ ሆነብኝ። በማቀዝቀዣው ብረት ጥርሶች መካከል አቧራና የሰሊጥ ገለባ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። የፊቱም የኋላውም ማራገቢያ፣ ከተገጠሙ ጀምሮ፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ ይነፍሳሉ። ገመዶቹ መሐል ላይ ተጠቅልለው መንገዱን ዘግተዋል፣ ጀርባውም ከግድግዳ ጋር ተጣብቋል። አየር ይገባል እንጂ መውጫ የለውም። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። በእርሻ ላይ ራኩባ የሚሉትን የሣር ዳስ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ በአንድ በኩል ነፋስ ካስገባ በሌላው በኩል ማስወጫ ይተዋል፤ ሰሊጥ የሚከምርም ሰው ጆንያውን ከግድግዳ ያርቃል፣ ከሥሩም እንጨት ያነጥፋል፣ አለዚያ እህሉ ይግላል።

ስለዚህ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። የፊቱ ማራገቢያ ከታች በኩል ቀዝቃዛውን እንዲያስገባ ተውሁት፤ የኋላውን ግን፣ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከላይ በኩል እንዲያስወጣ አዙሬ ገጠምሁት። ገመዶቹን በክር ወደ ጎን አሰርሁ፣ በፊቱ ቀዳዳ ላይ አቧራ የሚያጣራ የሻሽ ቁራጭ ለጠፍሁ፣ ሣጥኑንም ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅሁት። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ቀን አንድም ጊዜ ሳይጠፋ ሠራ። የሰርክአዲስ ባል፣ ሸጋው የሚባለው የበለሳ ሰው፣ የተመዘገበው ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ነው። በደሌ ግን አልጠፋኝም፤ ሣጥኑን ሳርቀው ጀርባው ወደ እንግዶችዎ ወንበር ዞሮ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ። ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀን ሊጠይቁዎት የመጡ አንድ ባለሀብት በዚያ ወንበር ተቀምጠው «አቶ ደምለው፣ ይሄ ዕቃችሁ እኮ እግሬ ላይ እንደ ግመል ይተነፍስብኛል» ብለው ሳቁ። እርስዎ አልሳቁም። እጅዎን ከሣጥኑ ኋላ ዘርግተው ትኩሱን አየር ካገኙት በኋላ «አበላሽታዋለች፣ እሳት ይተፋል» ብለው ፈረዱ። ትኩሱ አየር መውጣቱ የማሽኑ ጤና መሆኑን ላስረዳ ስል «አንቺ ሴትዮ፣ የሚያሞቅ ማራገቢያ የት አገር አይተሻል?» አሉኝ። እንግዳውም በጥያቄው ብስለት ተደንቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። የኋላው ማራገቢያ እንደገና ወደ ውስጥ እንዲዞር፣ የጀርባው ቀዳዳዎች በፕላስተር እንዲታሸጉ፣ ሣጥኑም ወደ ግድግዳው እንዲመለስ አዘዙ፤ ለእኔም «የመንግሥትን ንብረት ያለ ሥልጣን በመክፈት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። እንግዶችዎ እግራቸው ቀዘቀዘላቸው። ኮምፒውተሩ ስድስት ቀን ታግሦ በሰባተኛው፣ ኅዳር አምስት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸቶ ጠፋ፤ ዳግመኛም አልበራም።

አራተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። ሰርክአዲስ የመጣችው በማግሥቱ ነው። ወደ አገሩ የተመለሰ ጎረቤት «ባልሽ በጽኑ ታሟል፤ በየትኛው እርሻ እንደወደቀ ግን እኔም አላውቅም» ብሏት ልትወስደው ወረደች። ከኮኪት እስከ አብደራፊ ስንት እርሻ እንዳለ ለእርስዎ አልነግርዎትም። «እትዬ፣ ያለበትን ብቻ እይልኝ፤ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» አለችኝ። የተቃጠለው ሌላ ክፍሉ እንጂ መረጃው ያለበት ዲስክ ላይሆን እንደሚችል፣ ነቅለን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ብንሰካው የአሥር ደቂቃ ሥራ መሆኑን በጽሑፍ አመለከትሁ። እርስዎ ግን «ማስረጃ ነው፣ ኮሚቴ ሳያየው አይነካም» ብለው ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ቁልፉንም ኪስዎ ከተቱት። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በእኔ ጥፋት ላይ ሊወስን ስለነበረ አባላቱ ከመስክ እስኪመለሱ ድረስ መጠበቅ አስፈለገ። ሰርክአዲስ በየጠዋቱ ተነሥታ «ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ» ትልዎት ነበር፤ እርስዎም ሳይቆሙ «ሲስተም የለም» ይሏት ነበር። በአምስተኛው ቀን ላጽናናት ብዬ አጠገቧ ብቀመጥ «ተይው እትዬ፤ የሚሉት ሲያልቅባቸው ይነግሩኝ ይሆናል» አለችኝ። እርስዎን ከእኔ ይልቅ እሷ በጊዜ አውቃዎት ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ፍትሕዎ። በአሥራ አንደኛው ቀን ኮሚቴው ተቀመጠ። ከዞን የመጣው ባለሙያ ጌች ክዳኑን ፈትቶ፣ ፕላስተሩን ልጦ፣ ማራገቢያዎቹን ካየ በኋላ «ይህን ወደ ውስጥ ያዞረው ማነው? በምድጃ ላይ እንኳ መውጫ ይተዋል እኮ» አለ። ከጌች ሌላ በክፍሉ ሰባት ሰው ነበርን፤ ስድስቱ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ዲስኩን ነቅሎ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካው ጤነኛ ነበር። የሸጋውን ስም ጻፍሁ፤ ወዲያው ወጣ። ሽንፋ አጠገብ ያለ እርሻ፣ በጭነት መኪና ከበርዎ ሁለት ሰዓት ተኩል።

በዚያው ዕለት አብሬያት ሄድሁ። ሸጋው በወባ ታሞ ራኩባ ሥር ተኝቶ ነበር። የእርሻው ካቦ «ዘመድ ካለው መጥቶ ይውሰደው» ብሎ ትቶታል፤ እሱም ዘመድ እንዳለው፣ ሚስቱ እንደምትመጣ ለሚያልፈው ሁሉ ይናገር ነበር፤ አልዋሸም። የቀበሩት እኛ ከመድረሳችን ሦስት ቀን በፊት ነው። እሱ ሲሞት ሚስቱ በአግዳሚ ወንበርዎ ላይ ስምንተኛ ቀኗን ይዛለች፤ ቁልፉም በኪስዎ ነበር።

ኮሚቴው በዚያው ሳምንት እኔን ከመዝጋቢነት ወደ መጋዘን ጠባቂነት አዛውሮ፣ ለእርስዎ ደግሞ ንብረት በመጠበቅ ላሳዩት ትጋት ምስጋና በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ተነሣ። እንኳን ደስ ያለዎት። የሚያስገቡትን የሚያውቁ፣ ስለሚያስወጡት የማይጨነቁ ኃላፊ በመሆንዎ ከዚህ በላይም ከፍ እንደሚሉ አልጠራጠርም።

እርስዎ የታመሙ ዕለት ባለቤትዎ ያሉበትን የሚነግራቸው ሰው ከእርስዎ የተሻለ እንዲሆን፣ ካልሆነም አግዳሚው ወንበር እንዲመቻቸው እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን፣ በሚገባዎት ልክ የተሰፈረውን አክብሮት አቀርባለሁ።

ጥሩአየሁ ታደገ
የቀድሞ መዝጋቢ፣ የአሁን መጋዘን ጠባቂ
ታኅሣሥ ፳፻፬ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ሰርክአዲስ ወደ በለሳ ከመመለሷ በፊት ስምዎን ከነአባትዎ በወረቀት እንድጽፍላት ለመነችኝ። ለክስ እንደሆነ ብጠይቃት «ፍርድ ቤት እኔን ማ ያውቀኛል? ለአገሬ ለጊዮርጊስ ልሰጠው ነው እንጂ» አለችኝ። በጥሩ እጅ ጽፌ ሰጠኋት። የክርስትና ስምዎን ስለማላውቀው ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ታቦቱ ከሌላ ሰው ጋር እንዳያምታታዎ ፈቃድዎ ከሆነ ይላኩልኝ፣ እኔም ሳላዘገይ አደርስላታለሁ።