የሚያዝያ ሃያ ሰባቱ ድንኳን

ደባርቅ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድ ልጄ፣

ጤናህ እንደምን ነው? የሁመራ ሐሩር፣ ወባው፣ ትንኙ እንዴት አድርጎህ ይሆን? እኛ ለቅዱስ ሚካኤል ምስጋና ይግባውና ቆመን እንሄዳለን። እኅትህ ሕሊና ደህና ናት። ቦራዋ ላም ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። ብርዱን አንተው ታውቀዋለህ፤ ክረምቱ ገና ሳይገባ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃችን ተቀምጧል።

እስካሁን ደብዳቤ የምትጽፍልህ ሕሊና ነበረች፤ እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ታሳምረዋለች። ይህን ግን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ስገባ፣ አባትህ ለማን ልትጽፊ ነው እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይኸው ለማን እንደሆነ ታወቀ። ፊደሉ ቢንጋደድብህ ታገሠኝ።

መርዶው ለቅሶው ካለቀ በኋላ እንደደረሰህ ሰማሁ፤ በሾፌሩ በፀጋው የላክኸው ቃልም ደርሶኛል። ነገሩን ከሥሩ ንገሪኝ ብለሃል። ያርጋል አባቴን የገደለው አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ፣ አንዲት ቃል ብቻ፣ አውቆ ከሆነ ጠመንጃዬን ይዤ እመጣለሁ ብለሃል። ፀጋው ይህን ሲነግረኝ ዐይን ዐይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬቱን ያይ ነበር። አንተ ልጅ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት አንተን አይተው ነው፤ ጡት ስትጥል እንኳ ስንት አስለቅሰኸኛል። በል አሁን ተቀምጠህ ስማኝ።

ሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ የአርበኞች ቀን፣ ዘንድሮ ስልሳ አምስተኛ ዓመቱ ነው ተብሎ ከተማው ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ሲታመስ ከረመ። የቀበሌው ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የአርበኛ ልጅ የሆነ ሁሉ የአባቱን መሣሪያ ይዞ ይውጣ አሉ። ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ድንኳን ከዳባት በመኪና ተጫነ፣ ሰንጋ ታሰረ። ጥይቱን ከመሣሪያው አውጥታችሁ ኑ ተብሎም በድምፅ ማጉያ ተለፍፎ ነበር። የእኛን አገር ወንድ ግን ታውቀዋለህ፤ ባዶ ጠመንጃ ይዞ ዘራፍ ከሚል ሱሪውን ትቶ ቢወጣ ይቀለዋል። አባትህ የአያትህን ምንሽር ወልውሎ፣ ሜዳልያቸውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ወጣ። አምሮበት ነበር። ያ ማማሩ እስካሁን አንጀቴን ይበላዋል።

አርበኞቹና ልጆቻቸው በሰልፍ ቆሙ፤ እኛ ሴቶቹ አጠገባቸው ሆነን እልል እንላለን። ሰው አንድ አንድ እያለ ወጥቶ ይፎክራል። ተራው ያርጋል ላይ ደረሰ። የመሬቱን ነገር ረሳሽው ወይ ትለኝ ይሆናል። አልረሳሁም። በሰማንያ ዘጠኙ ድልድል ከወንዙ ዳር ያለው የአባቱ ማሳ ለእኛ ከተሰጠ ወዲህ፣ የእኛና የእነሱ ቤት እግዜር ይስጥልኝ ተባብሎ አያውቅም። ቢሆንም ያ የመሬት ነገር ነው፣ ይህ ሌላ ነው።

ያርጋል ክላሹን አንሥቶ ወዲህና ወዲያ ተንጎራደደ፤ አያቱ ጣልያን የጣሉበትን ሸለቆ እየጠራ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሕዝቡ አበደ። ከዚያ አባትህ ፊት መጥቶ በርከክ አለ። አባትህ አየው። ወደ እኔ ዞሮ፣ ልጄን አደራ አለኝ። ጥይቱ ወጣ። ያርጋልን እግሩ አንሸራትቶት ነው፤ ጣቱ ቃታው ላይ ነበረ። የሆነው እንዲህ ነው። አደራ ያለኝ ከመመታቱ በፊት ይሁን ከተመታ በኋላ እንጃ፤ በዚያ ሁካታ መሀል ምን ይለያል።

እኔ እልልታዬን ሳልጨርስ ነው ወደ እሪታ የዞርኩት። ሴቶቹ እልል ማለቴ መስሏቸው ተቀበሉኝ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንተ ነገርኩህ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ሬሳውን በቃሬዛ አነሡት፤ በዓሉ ግን ቀጠለ። እንግዶቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው ተብሎ ንግግሩም ተነበበ፣ ሥጋውም ተበላ። በማግሥቱ ያንኑ ድንኳን ለለቅሶ አምጥተው ግቢያችን ተከሉት። ስልሳ አምስተኛው የድል በዓል የሚለውን ጨርቅ እንኳ ከመግቢያው አልፈቱትም። ለቀስተኛው ጎንበስ ብሎ ሲገባ ጨርቁ ጀርባውን ይዳስሰዋል። ከሥሩ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንድ ሰው፣ አንድ፣ ይህን አውርዱላት የሚል አልተገኘም።

በሳምንቱ የያርጋል ዘመዶች ድንጋይ ተሸክመው ደጃችን ወደቁ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል መስቀል ይዘው ከፊት ቆሙ። አጎትህ አለምነህ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ልጆቹ ከኋላው። ምስክር ሲጠየቅ ወንዱ ሁሉ ጭሱ ነው፣ ጫጫታው ነው እያለ አንገቱን ደፋ። ሲፎክር ውሎ ሲጠየቅ የሚደፋ አንገት! ቀርቤ የነበርኩት እኔ ነኝ። መምሬም፣ አውቆ ከሆነ በመካከላችሁ ልንገባ አንችልም፣ ሳያውቅ ከሆነ ግን ዕርቁ ዛሬ ይፈጸማል፣ በወንጌሉ ማይና ንገሪን አሉኝ።

አለምነህን አየሁት። ልጆቹን አየኋቸው። የያርጋልን ታናሽ ወንድም አየሁት፤ ከሕሊና ጋር አንድ ክፍል የሚማረውን፣ ድንጋዩ ከብዶት ትከሻው የሚንቀጠቀጠውን። እዚያ ባትኖርም አንተን አየሁህ። እጄን ወንጌሉ ላይ አድርጌ፣ ሳያውቅ ነው አልኩ። አለምነህ ተነሥቶ ጠመንጃውን ወደ ቤት አስገባ። ያርጋል እስር ቤት ነው፤ በቸልተኝነት ይፈረድበታል ይላሉ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

እንግዲህ የጠየቅኸኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ ሳያውቅ ነው። ከእናትህ መሐላ የገበያ ወሬ ከበለጠብህ፣ በወንጌል የዋሸሽ ነሽ ብለህ በአገር ፊት የምታዋርደኝ አንተ ነህ ማለት ነው። አትምጣ። ሰሊጥህን ዝራ፤ ቢቀናህ ሚስት አግባ። ለመስቀል መምጣትህ ካልቀረ ጠመንጃውን እዚያው አስቀምጠህ ባዶ እጅህን ና፤ ደጁ ክፍት ነው።

ጤናሽስ ብለሃል። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሌላ የለብኝም። እኔና አባትህ በቁርባን ተጋብተን፣ ስንት ዘመን ጎን ለጎን ቆመን እንደቆረብን ታውቃለህ። በአርባው ዕለት ቅዳሴው ላይ፣ ሰው ወደ ቁርባኑ ሲቀርብ እኔ በሴቶቹ በር ወጣሁ። መምሬ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቀው ምነው ቢሉኝ፣ ጉልበቴን አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ መስቀሉን አሳልመውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህም አልቀረብኩም።

ከአባትህ የተቆረጠው ዕድሜ ለአንተ ይጨመርልህ። የሰሜን ተራራ አምላክ ከእሾህ ከእንቅፋት፣ ከክፉ ሐሳብም ይጠብቅህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ እኔ ስሞት ፍትሐቱን አታሳንስብኝ። ለአባትህ አትጨነቅ፣ እሱ ንጹሕ ሆኖ ነው የሄደው። ለእኔ ግን አብዝተህ ጸልይልኝ፤ ለምን እንደሆነም አትጠይቀኝ።

እናትህ