በእናትሽ መቃብር መግቢያ የቆመው በር

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዝማሬ፣

ትናንት በመቃብራችን መግቢያ ላይ የብረት በር ተተከለ። ጠባቂም ቆሞበታል።

እንደምን ሰነበትሽ? የጀርመን ብርድ በረታብሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ሙቀቱ ስለቀነሰ ጉልበቴ ተሽሎታል። አክስትሽ እንቁ ከማዕከላዊ ገበያ ድሪያ ቀሚስ ገዝታልሽ የሚያደርስላት መንገደኛ እየፈለገች ነው። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ቢሮ ለብሰሽው እንደማትሄጂ ነግሬያታለሁ፣ አልሰማችኝም።

ባለፈው ስደውልልሽ ስብሰባ አለብኝ ብለሽ ስለዘጋሽ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ።

አምቡሊ ያለው የውጭ አገር ጦር ሠፈር አጥሩን ሊያሰፋ መሆኑን የሰማነው በግንቦት ነው። በባቡሩ ዘመን የመጡት አያቶችሽ ያረፉበት፣ እናትሽም የተኛችበት ቦታ አዲሱ ክልል ውስጥ ይገባል ተባለ። ተቃውሞ ያለው እስከ ነሐሴ መጨረሻ በጽሑፍ ያቅርብ የሚል ማስታወቂያም ተለጠፈ።

በዚያ ሰሞን ሙሕሲን የእድራችን ስብሰባ ላይ መጣ። የመንግሥት የመሬት ጉዳይ ኃላፊ ሆኗል። ሙስሊም ሆኖ የእድራችን አባል መሆኑን፣ የእናትሽን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እሱ መሆኑን፣ ለቅሶውንም ከእኔ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ መክረሙን ታስታውሻለሽ።

«ጽሑፍ ምን ያደርግላችኋል?» አለን። «መሬቱ የጅቡቲ ነው። እኔ ወንበሩ ላይ እያለሁ ማን ይነካዋል?»

ጸሐፊያችን አምባው ለማንኛውም እንጻፍ ብሎ ነበር። እንቁ ተቆጣች። «ሬሳ የተሸከመልንን ሰው ቃልህን አናምንም ልንለው ነው? ነውር አይደለም እንዴ!» አለችው። ሁላችንም ከእሷ ጋር ሆንን። አልጻፍንም።

ሙሕሲን በባዶ አልፎከረም። መቃብሩ አይነካም ብሎ ወስኖ ፈርሟል። ውሳኔው ለጦር ሠፈሩ ሰዎች ከተላከ በኋላ ግን የእሱ አለቆች ጠርተው በራሱ እጅ አስሻሩት። ይህ የሆነው በሐምሌ መሆኑን ኋላ ሰማን፤ ተቃውሞ ለማቅረብ ገና ጊዜ ነበረን። የፍልሰታ ጾም የተፈታ ዕለት ቤቴ መጥቶ ከእኛ ጋር ዋለ፣ ስለ አንቺ ጠየቀኝ፣ ስቆ አሳቀን። ስለዚህ ነገር ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ነሐሴ እንዲሁ አለፈ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ከእንቁ ጋር ወደ እናትሽ ስንሄድ በሩን ተክለው ጨርሰዋል። ጠባቂው የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ አትገቡም ብሎ መለሰን። እዚያው ቆመን ሳለ ሙሕሲን በመንግሥት መኪና ደረሰና መታወቂያውን አወጣ።

«ጌታው፣ ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም» አለው ጠባቂው።

«ይህን መሬት የማስተዳድረው እኔ ነኝ!»

«ይሆናል። እነሱ ግን አልነገሩኝም።»

እንቁ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ና ሙሕሲን፣ እኛ ጋ ቁም! እዚህ ለመቆም እስካሁን ፈቃድ አልጠየቁንም» አለችው።

አልሳቀም። እጄን ይዞ ወደ ጥላው ወሰደኝ።

«ዘውዱ፣ ምን ላድርግ? እምቢ ብንላቸው አገሪቱን ማን ይጠብቃታል?»

«አገሪቱን እንጃ። እኔ ግን ትጠብቀኛለህ ብዬ የተኛሁት አንተን አምኜ ነበር።»

«የደኅንነት ጉዳይ ነው» አለኝ።

ልጄ፣ አንቺም ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ያልሽኝ ይህንኑ ነው። ቃሉ እንኳ አልተለወጠም። የምታስተረጉሚው በሩን ለተከለው ለዚሁ ጦር መሆኑን፣ አስተርጓሚ ደግሞ ወሳኝ አለመሆኑን አውቃለሁ። እንጀራሽ ነው። ጠይቂልኝ አልልሽም።

አሁን የቀረን አንድ ልመና ነው። አፅሙን እኛው ራሳችን፣ ቄስ ባለበት፣ በጸሎት እናፍልስ ብለናል። ካልፈቀዱ ሥራ ተቋራጩ በማሽኑ ያነሳዋል። ከአያትሽ የሐዲድ ቁራጭ በይጄ በእናትሽ ራስጌ ያቆምኩትን መስቀል ከበሩ ውጭ ሆኜ አየሁት፤ ትንሽ ዘሟል። ገብቼ ላቃናው አልቻልኩም።

ሙሕሲን ልመናችንን ተቀብሎ አስተላልፏል። መልሱን ግን የእሱ መሥሪያ ቤት አይሰጥም። ከጦሩ ዋና ቢሮ ሐሙስ ይመጣል ብለውታል፤ አንቺ ካለሽበት ከተማ።

እመቤታችን ከብርዱም ከክፉ ዓይንም ትሰውርሽ። በወጣሽበት ሁሉ ሞገስ ትሁንሽ። ሐሙስ ስልኬን ከእጄ አላወጣም።

አባትሽ
ዘውዱ