ስምህን የጠራሁት እኔ ነኝ

ታኅሣሥ 5፣ ዓርብ

ለሊሳ፣ ዛሬም ጫማህን አድርጌ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። እንዳትቆጣ። የእኔ ሶሉ ተገንጥሏል። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄበት እንኳ ይወልቅብኛል... እግርህ ምን በልቶ ነው እንዲህ ያደገው?

የሒሳብ ፈተና ነበር። ደህና ነው።

ከምትሠራበት ከባኮ ጤና ጣቢያ ለእረፍት ስትመጣ፣ የታጠቁ ሰዎች ከጌዶ ወዲያ አውቶቡሱን አስቁመው ካገቷችሁ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀን ነው። በሰባት ሰዓቱ ዜና፦ «ሠራዊቱ ባካሄደው ዘመቻ ታጋቾቹ በሙሉ ያለ ምንም ጉዳት ነጻ ወጥተዋል።» እናታችን የሬዲዮ አማርኛ አይገባትም። እንደ ሁልጊዜው ወደ እኔ ዞረች። «ማል ጄዴ?» ምን አለ?

«ለሊሳ ተፈታ» አልኳት።

እልልታዋን ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ታኅሣሥ 7፣ እሁድ

እናታችን አዮ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ቆመች። «ልጄን ከአንበሳ አፍ አወጣልኝ» አለች። ጉባኤው አጨበጨበ። ኦቦ ጅሩ ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ የእኛን ነገር የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ውጪ ጠበቁኝ።

«ድምፁን ሰማችሁ?»

«አልደወለም። ባትሪው አልቆ ይሆናል።»

«ለሦስት ቀን?»

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

መናኸሪያ ስጠብቅህ ዋልኩ። ሊስትሮዎቹ በዘመቻው ይስቃሉ። «በሄሊኮፕተር ነው አሉ!» «ታዲያ የጌዶ ሰው በሙሉ ደንቆሮ ነው? አንድም የሰማ የለም እኮ!» እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ካሰች ከአውቶቡስ ወረደች፤ አብራህ የምትሠራው፣ አብራህ የታገተችው። ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ።

«ካሰች፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ያዳኗችሁ እንዴት...»

«ማን አዳነን? ራሳቸው ለቀቁን፣ ረቡዕ ዕለት። በእግራችን አስፋልት ስንደርስ ወታደሮች ውሃ ሰጡን። ቪዲዮ ቀረጹን።»

«ለሊሳስ?»

«ቁስለኛ ነበራቸው። እንዲያክምላቸው አስቀሩት። ‹ሂጂ፣ ፋሻውን ቀይሬ እደርስብሻለሁ› አለኝ። በማግስቱ በዚያ በኩል ተኩስ ነበር።»

«ሬዲዮው እኮ ‹በሙሉ› አለ!»

«እሱንማ እኔም ሰማሁ፣ ፍሮምሳ።»

ሬዲዮው ስምህን አልጠራም። የጠራሁት እኔ ነኝ።

ለአዮ አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

መጣህ። በፒካፕ።

ያመጡህ ሰዎች ሳጥኑ አይከፈት አሉ። ሲሄዱ ኦቦ ጅሩ ጓዳ አስገብተው ከፈቱት። እሳቸውና እኔ ብቻ። አዮ ከበሩ ውጪ፦ «ፊቱ ደህና ነው?»

«እንደተኛ ነው» አልኳት።

ይህ እውነት ነው። ፊትህ ደህና ነበር...

ታኅሣሥ 18፣ ሐሙስ

ለሞት ምስክር ወረቀት ከአዮ ጋር ቀበሌ ቢሮ ሄድን። ጸሐፊው ጋሽ ሥዩም ወረቀቱን ገፋ አደረጉልኝ። «አንብብላትና በጣቷ ትፈርም።»

የሞት ምክንያት፦ የመኪና አደጋ።

«ጋሼ፣ ይሄ...»

«የተላከልኝን ነው የተየብኩት፣ ልጄ። ከዚህ ሌላ ወረቀት የላችሁም። ለእናትህ ስትል ዝም ብለህ አስፈርማት።»

የአዮ አውራ ጣት ቀለም ነክቶ አየር ላይ ቆሟል። «ማል ጄዳ?» ምን ይላል? ዝም ብላ ብትፈርም ነገሩ ያልቃል። ቤታችን እንገባለን። ግን ውሸቱ ደግሞ በእኔ አፍ?

ወረቀቱ የሚለውን እንዳለ ነገርኳት። ለካ ካሰች ቀድማ ሄዳ ሁሉንም ነግራታለች፤ አዮ አልተገረመችም። ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች። ወረቀቱን አጣጥፋ ሳትፈርም መለሰችላቸው።

መንገድ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «ፍሮምሳ፣ ከእንግዲህ ስትነግረኝ ያየኸውን ‹አየሁ› በል፣ የሰማኸውን ‹ሰማሁ› በል። በመሃል አትጨምር። አታጉድል።»

አታጉድል... ጓዳ ውስጥ ያየሁትን ታውቅ ይሆን?

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

አዮ ትናንት ከኦቦ ጅሩ ጋር ጌዶ ሄደች። በአውቶቡሱ የነበሩትን አንድ በአንድ ልትጠይቅ፣ ፈቃደኛ ከሆኑም ለምስክርነት ልታመጣ። ዛሬ ከሰዓት ትመለሳለች። አንተም እሷም በሌላችሁበት ቤት ስነቃ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዶሮዎቹን አወጣሁ። ሬዲዮውን ከፈትኩ፤ ዜና ሳይጀምር ዘጋሁት። የአዮን በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩና ስትመለስ የምነግራትን በኦሮምኛ ነገርኩት። ካሰች ያለችውን ሰማሁ። አንድ ቀዳዳ አየሁ፣ ከጀርባው፣ ከትከሻው በታች። ሌላ ቁስል አላየሁም። ማን እንደተኮሰ አላየሁም።

መጀመሪያ «ከጀርባው» ላይ ድምፄ ተቆረጠ። ሁለተኛም እዚያው ላይ። በአራተኛው እስከ መጨረሻው አልኩት።

ከዚያ ጫማህን ወልውዬ አልጋህ ሥር መለስኩ። የእኔን ሶል በሽቦ አሰርኩት። አንደኛው ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ።